በሐዋሳ ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለመክፈት ለምታስቡ

ባለፈው ሳምንት ሦስት ወጣቶች ቤቴ መጡ። ለሐዋሳ ብቻ የሚደርስ፣ አነስተኛ ኃይል ያለው ጣቢያ ሊከፍቱ አስበዋል። ገና ቡናው ሳይቀርብ «ስንት ዋት ማሰራጫ እንግዛ?» አሉኝ። እኔ ዓመታት ያሳለፍኩት ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ቶሎ ወደ ድምፁ ወሰድኳቸው። ያልኳቸውን ለናንተም ልጻፈው።

የዋቱን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ከ100 ዋት ወደ 200 ብትወጡ የምታገኙት ጭማሪ በሲግናል ጉልበት መለኪያው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። አንቴናውን ከፍ ያለ ቦታ መትከል ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ቴሌቪዥን የሚሰራጭበት የዩኤችኤፍ ሞገድ ተራራ ሲገጥመው ይዳከማል፤ ከታቦር ተራራ ጀርባ ያለው ሰፈር ሊጋረድ ይችላል። በሙከራ ስርጭት ጊዜ ሪሲቨርና አንቴና ይዛችሁ ከፒያሳ እስከ አቶቴ፣ እስከ አላሙራ ዙሩ። ዲጂታል እንደ ድሮው አይንጫጫም፤ ወይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወይ ምስሉ ደርቆ ይቀራል። ደግሞ ቤቱ ዲሽ አለው ማለት እናንተን ያያል ማለት አይደለም። የምድር አንቴና ያስፈልገዋል፤ ይህን ለሰው ቀድማችሁ አስረዱ።

ፈቃድ ሳይያዝ ማሰራጫ አይበራም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጁን፣ ቁጥር 1238/2013ን፣ አንብቡት። የማኅበረሰብ ጣቢያ ከሆናችሁ ለትርፍ አትሠሩም፤ ይህን ከመነሻው ተነጋገሩበት።

አሁን ወደ ድምፁ። የሐዋሳ ሰው አንድ ግቢ ውስጥ ሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ)፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሀዲይኛ ያወራል። የመጀመሪያው ሐሳብ ሁልጊዜ «አንድ ሰው አማርኛ ይተርጉምበት» ነው። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር።

አንድ ጊዜ ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል አንድ አዛውንት አሳ አጥማጅ ቀርጸው አመጡልኝ። መረባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የተበጠሰውን እየጠገኑ፣ ሐይቁ ድሮ ምን ያህል አሳ ይሰጥ እንደነበር በሲዳሙ አፎ ይናገራሉ። መሃል ላይ እጃቸው ቆመ። ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ። እኔ ከመጀመሪያ ቃላቸው ጀምሬ የአማርኛ ድምፅ ደረብኩበት። ዝምታውንም ጊዜ ፈጀ ብዬ ቆረጥኩት። ማታ ከተላለፈ በኋላ ጎረቤቴ፣ ሲዳማ የሆኑ እናት፣ በር ላይ አገኙኝ። «ልጄ፣ ሽማግሌውን አሳያችሁን እንጂ መቼ አሰማችሁን?» አሉኝ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ተናጋሪው ሲጀምር ቢያንስ 4 ሰከንድ ድምፁን ብቻ ተዉት። ትርጉሙ ሲገባ የሱን ድምፅ ዝቅ አድርጉት፤ ጨርሳችሁ አታጥፉት። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለራሱ ድምፅ መልሱለትና በግርጌ ጽሑፍ ተርጉሙት። ዝምታውን አትንኩት። ተርጓሚው ደግሞ ኤዲተሩ አጠገብ ይቀመጥ። የታተመ ወረቀት ብቻ ከሰጣችሁት የቱ ጋ ቀልድ፣ የቱ ጋ ተረት እንዳለ አያይም፤ ኤዲተሩም ቋንቋውን ካልሰማ ቃል መሃል ይቆርጣል። ዲጂታል ስርጭት አንድ ምስል ላይ ከአንድ በላይ የድምፅ መስመር ይይዛል። ተመልካቹ በሪሞቱ ቋንቋ ይመርጣል። ማሰራጫ ስትገዙ ከዋቱ በፊት ይህን ጠይቁ።

የሰው ስም ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ፊደል ጥብቀትን አያሳይም። ሲዳሙ አፎ በላቲን ሲጻፍ ግን የሚጠብቀውም የሚረዝመውም ድምፅ ፊደሉ ይደገማል። ዜና አንባቢው በግዕዝ ፊደል የተጻፈውን ብቻ ካየ ይስታል፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ እያየ ስም ሲበላሽ ያስከፋል። ሪፖርተሩ ቃለ መጠይቁን ሲጀምር ሰውየው ራሱ ስሙን ይናገር። ያ ድምፅ ተቆርጦ ከዜናው በፊት ለአንባቢው ይድረስ። ስክሪኑ ላይም ስሙን በሁለቱም ፊደል ጻፉት።

ሰዓት ስትደለድሉ አነስ ያለ ተናጋሪ ያለውን ቋንቋ ሁሌ ሌሊት ላይ አትጣሉት። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩትን ልጆች ስንት ሰዓት ቤት እንደሚገቡ ጠይቁ፤ በፈረቃ ነው የሚሠሩት። አሜሪካኖች አነስተኛ ኃይል ላላቸው ጣቢያዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1982 ጀምሮ ፈቃድ ይሰጣሉ። ከነዚህም አንዳንዶቹ የስደተኛውን ማኅበረሰብ በራሱ ቋንቋ ያገለግላሉ።

ዓመታዊ ሰሌዳችሁን ደግሞ ድርቅ አታድርጉት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ቀኑ በካሌንደር ላይ ቀድሞ የታተመ አይደለም። አያንቱዎች የሚባሉት ኮከብ ቆጣሪ አባቶች ሰማዩን አይተው ይወስናሉ፤ ከዚያ ለሕዝቡ ይነገራል። ስለዚህ ለበዓሉ ሁለት ቀን ሙሉ የሚተካ ፕሮግራም ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ቀኑ እንደተነገረ ካሜራማኑ ባትሪውን ሞልቶ በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ይደር፤ ከሱ ጋር ሲዳሙ አፎ የሚችል ኤዲተር ይሂድ።