በቺያንግ ማይ ርካሽ ኑሮ ፈልገው ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ታይላንድ የምትገኘው ቺያንግ ማይ በትንሽ ገንዘብ ደህና ኑሮ ይኖርባቸዋል ከሚባሉት የእስያ ከተሞች መካከል ስሟ ቀድሞ ይነሳል። ዝናዋ ከባዶ አልመጣም። መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት አንድ ሳህን ሩዝ በዶሮ፣ ወይም የከተማዋ መታወቂያ የሆነው ካዎ ሶይ የተባለው የኑድል ሾርባ፣ ከ50 እስከ 70 ባት ይበላል፤ ዶላሩ በ32 ወይም በ33 ባት ሲመነዘር ሁለት ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው ይህን የምሳ ዋጋ ሰምቶ፣ በሠላሳ ቀን አባዝቶ፣ የቤት ኪራይ ጨምሮበት ሻንጣውን ያዘጋጃል። የምሳው ሒሳብ ትክክል ነው። ኪስ የሚያራቁተው በየቀኑ የማይታየው፣ በወር ወይም በዓመት አንዴ፣ ወይም በሰነድ ስም የሚመጣው ወጪ ነው። በርቀት እየሠሩ ወይም ጡረታቸውን ይዘው ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደዚያ ለመዛወር የሚያስቡ ወገኖች ስሌታቸውን ከመዝጋታቸው በፊት እነዚህን ስህተቶች ቢያውቋቸው ይጠቀማሉ።

ቤቱን ሳያዩ ለወራት መክፈል

በኢንተርኔት የሚታየው የወር ኪራይ ለእንግዳ የተቆረጠ ዋጋ ነው። ያው ክፍል ሕንፃው ሥር ካለው ቢሮ ገብተው የስድስት ወር ወይም የዓመት ውል ሲጠይቁበት ብዙውን ጊዜ በእጅጉ ይወርዳል። ካፌዎቹና ወጣቶቹ የሚበዙበት ኒማንሄሚን ውድ ነው፤ ከዚያ ብዙም ሳይርቁ ሳንቲታም ወይም ቻንግ ፑአክ ሰፈር ሲገቡ ኪራዩ ይቀንሳል፣ የምግቡም ዋጋ አብሮ ይቀንሳል። መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት እንግዳ ማረፊያ ይያዙና በእግርዎ ይዙሩ። ደላላ የግድ አያስፈልግም፤ ብዙ ሕንፃዎች ባዶ ክፍል እንዳላቸው በራቸው ላይ ይለጥፋሉ።

ኪራዩን አይቶ ቆጣሪውን መርሳት

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በአፓርትመንት ሕንፃዎች የኤሌክትሪክ ሒሳቡን የሚሰበስበው አከራዩ ራሱ ሲሆን፣ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሰባት ወይም ስምንት ባት ማስከፈል የተለመደ ነው። የመንግሥት ኤሌክትሪክ አቅራቢ ለመኖሪያ ቤት የሚያስከፍለው ከዚህ በብዙ ያንሳል፤ አራት ባትና ከዚያ ትንሽ ከፍ የሚል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሚያዝያ ገብቶ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋና አየር ማቀዝቀዣው ቀንና ሌሊት ሲሠራ ግን በወር 400 ኪሎ ዋት ሰዓት መፍጀት ከባድ አይደለም። በስምንት ባት ሲሰላ 3,200 ባት ይሆናል፤ በአራት ተኩል ቢሆን 1,800 ነበር። 6,000 ባት ተብሎ የተያዘው «ርካሽ» ክፍል በዚህ መንገድ ከጎረቤቱ 7,000 ባት ክፍል በላይ ያስወጣል።

ስለዚህ ስለ ኪራዩ ከመከራከር በፊት መጠየቅ ያለበት የቆጣሪው ሒሳብ ለማን እንደሚከፈል ነው። ግለሰቦች በያዟቸው የኮንዶሚኒየም ክፍሎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡ ከአቅራቢው በቀጥታ ይመጣል። የሸማቾች ጥበቃ ደንብ ብዙ ክፍል የሚያከራዩ ሰዎች በኤሌክትሪክና በውኃ ላይ ትርፍ እንዳይጨምሩ ይከለክላል፤ ደንቡ መኖሩን ማወቅ ለድርድር ይጠቅማል እንጂ ሁሉም አከራይ ያከብረዋል ብሎ ተማምኖ መፈረም አይገባም። በገቡበት ቀን የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ ያንሱት፤ ግድግዳውንና ፍራሹንም ጭምር።

መያዣም አለ። የሁለት ወር ኪራይ በመያዣነት፣ የመጀመሪያው ወር ደግሞ በቅድሚያ ይጠየቃል። 9,000 ባት የሚከራይ ቤት ለመያዝ በመጀመሪያው ቀን 27,000 ባት በእጅ መኖር አለበት ማለት ነው። ውሉ ሳያልቅ የወጣ ሰው መያዣውን እንደማያገኝ ቆጥሮ ይግባ።

ከተማዋን በታኅሣሥ አይቶ መወሰን

ከኅዳር እስከ ጥር ቺያንግ ማይ ቀዝቀዝ ያለች፣ ሰማይዋ የጠራ፣ በአበባ የተሞላች ናት። በዚህ ወቅት የመጣ ሰው ወድዷት የዓመት ውል ይፈርማል፤ ኪራዩም የሚወደደው ያኔ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለውን ግን ማንም አይነግረውም። ገበሬዎች የበቆሎ ገለባቸውን ያቃጥላሉ፣ የደረቀው ደን ይነድዳል፣ ከምያንማርና ከላኦስ የሚነሳው ጭስም ይጨመርበታል። ከተማዋ በተራሮች መካከል ባለ ሜዳ ላይ ስለተቀመጠች ጭሱ መውጫ አያገኝም። ከተማዋን ከላይ የሚያያት የዶይ ሱቴፕ ተራራ ከዓይን ይሰወራል፤ በመጋቢት ወር ቺያንግ ማይ ከዓለም ከተሞች ሁሉ አየራቸው እጅግ ከተበከለው ተርታ የምትሰለፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ይህ የጤና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ወጪም ነው። ለመኝታ ክፍል የሚሆን የአየር ማጣሪያ በጥቂት ሺህ ባት ይገዛል፣ ማጣሪያው ወረቀት በየጊዜው ይቀየራል። አስም ያለበት ወይም ሕፃን የያዘ ሰው ለአራትና ለአምስት ሳምንት ወደ ደቡብ ባሕር ዳርቻ መሸሽ ይገደዳል፤ ያኔ ለሁለት ቤት ኪራይ ይከፍላል። የተሻለው መንገድ በዝናቡ ወራት፣ በሰኔና በሐምሌ፣ መሄድና ውሉ ጭሱ ከመጀመሩ በፊት እንዲያበቃ ማድረግ ነው። አከራዮችም ባዶ ክፍል ይዘው ስለሚከርሙ ያኔ ለድርድር ይለዝባሉ።

ቪዛን ከወጪ አለመቁጠር

ለውጭ ድርጅት በርቀት የሚሠሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረውን የአምስት ዓመት ቪዛ ማመልከት ይችላሉ። ክፍያው 10,000 ባት ገደማ ሲሆን 500,000 ባት የሚያህል ተቀማጭ ገንዘብ ማሳየት ይጠይቃል፤ በአንድ መግቢያ የሚያስቀምጠው ለ180 ቀን ነው። ዕድሜያቸው 50 የሞላ ጡረተኞች ደግሞ በታይላንድ ባንክ 800,000 ባት ወይም በወር 65,000 ባት ገቢ ማሳየት አለባቸው። ይህ ገንዘብ ባይጠፋም እንደልብ የሚነካ አይደለምና ከመጠባበቂያ ጋር አይደባለቅ።

ከዚያ በኋላ ትንንሾቹ ይመጣሉ። በየ90 ቀኑ አድራሻን ማስታወቅ ነፃ ነው፤ ረስቶ የዘገየ ግን 2,000 ባት ይቀጣል። ከጊዜው በላይ የቆየ ሰው በቀን 500 ባት ይከፍላል። በዓመት ፈቃድ እየኖሩ ለጉብኝት ሲወጡ ለመመለሻ ፈቃድ 1,000 ባት፣ ለብዙ ጊዜ የሚያገለግለው 3,800 ባት ነው፤ ሳይዙት የወጡ እንደሆነ ፈቃዱ ይሰረዛል። በዓመት 180 ቀንና ከዚያ በላይ የኖረ ሰው ደግሞ ከ2024 ወዲህ ካገኘው የውጭ ገቢ ወደ ታይላንድ ያስገባው ለግብር ሊታሰብ ይችላል። ከኢትዮጵያ በቀጥታ ለሚሄዱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። የቪዛ ደንብ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ያለፈው ዓመት መንገደኛ የነገረዎትን ሳይሆን የኤምባሲውን ቃል ይያዙ።

በዶላር ማሰብ

በ2022 መኸር አንድ ዶላር 38 ባት ደርሶ ነበር፤ በ2025 ወደ 32 ወረደ። በወር 1,000 ዶላር የሚላክለት ሰው፣ ደመወዙ ሳይነካ፣ ከኪሱ 6,000 ባት ጎደለ ማለት ነው፤ በሳንቲታም የአንድ ክፍል ኪራይ መሆኑ ነው። በጀትዎን በባት ያውጡና አሥራ አምስት በመቶ ትርፍ ይተዉበት። በውጭ ካርድ ከኤቲኤም ባወጡ ቁጥር 220 ባት ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ስለሚቆረጥ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማውጣት ኪሳራ ነው። ማሽኑ «በዶላር ልመንዝርልዎ?» ብሎ ሲጠይቅ እምቢ ይበሉት፤ ምንዛሬውን የራስዎ ባንክ ይሥራው።

የአገር ቤት ማዕድ ከሱፐርማርኬት መፈለግ

አይብ፣ ቅቤና ወይን ጠጅ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዋጋቸው ከአውሮፓም ሊብስ ይችላል። ጤፍ በቺያንግ ማይ ገበያ እንደልብ አይገኝም፤ በርበሬና ሽሮ ይዞ መሄድ ያዋጣል። እንጀራ የናፈቀው ሰው ባንኮክ፣ ናና አካባቢ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ያገኛል፤ ግን መንገዱ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ቡና ግን አያሳስብም። የሰሜን ታይላንድ ተራሮች ቀድሞ ኦፒየም ይበቅልባቸው በነበሩ ቦታዎች ላይ ዛሬ አረቢካ ያበቅላሉ፤ ከውጭ በሚገባ ቡና ላይ ከባድ ቀረጥ ስላለ የይርጋጨፌ ስም ያለበትን ከመግዛት የአካባቢውን ጥሬ ቡና ገዝቶ ቤት ውስጥ መቁላት ይረክሳል። ጿሚዎችም አንድ ነገር ይወቁ፦ አትክልት የሚመስለው ወጥ አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ መረቅ ወይም የኦይስተር ሶስ አለበት። በቢጫ ሰሌዳ ላይ በቀይ «ጄ» የሚል የታይ ጽሑፍ የለጠፉ ቤቶች ግን ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትም ሆነ የዓሣ መረቅ አያስገቡም፤ ዋጋቸውም ዝቅተኛ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይጨምሩም፤ ቁሌት ለለመደ አፍ ይህ ሌላ ጾም ነው።

ሞተር ሳይክል ያለ መንጃ ፈቃድና ያለ መድን

በወር 3,000 ባት ገደማ የሚከራይ ስኩተር ርካሹ መጓጓዣ ነው፤ አደጋ እስኪደርስ ድረስ። በታይላንድ መንገዶች ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ ሞተረኞች ናቸው። አከራዩ የመኪና መንጃ ፈቃድ አይቶ ቁልፉን ይሰጣል፤ የመድን ድርጅቱ ግን የሞተር ፈቃድ ለሌለው የሕክምና ወጪ አይሸፍንም። የውጭ ዜጋ በግል ሆስፒታል ለአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚከፍለው በመቶ ሺዎች ባት ሊደርስ ይችላል። ለከተማ ውስጥ ጉዞ ቀዮቹ የጋራ መኪኖች፣ ሶንግቴው፣ በ30 ወይም በ40 ባት ያደርሳሉ። ከመሳፈርዎ በፊት መድረሻዎን ይንገሯቸው፤ ሙሉ መኪናውን እንደ ታክሲ ከያዙት ዋጋው ሌላ ነው።

ልጆች ይዞ በነጠላ ሰው በጀት መሄድ

እስካሁን የተጠቀሰው ሁሉ ለአንድ ሰው ወይም ለባልና ሚስት ነው። ልጅ ያለው ቤተሰብ ስሌቱን ከትምህርት ቤት ይጀምር። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በታይ ቋንቋ ሲሆን፣ ዓለም አቀፍ የሚባሉት ለአንድ ልጅ በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ባት ይጠይቃሉ፤ ይህም ለብዙዎች ከኪራዩና ከምግቡ ድምር ይበልጣል። የማይመለስ የመመዝገቢያ ክፍያ፣ የአውቶቡስና የደንብ ልብስ ለብቻ ነው። ቤት ከመያዝዎ በፊት ሙሉውን የክፍያ ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሰፈርዎንም ከትምህርት ቤቱ ተነሥተው ይምረጡ፣ ብዙዎቹ ከከተማው ውጭ ስለሆኑ።