ቃሪያና በርበሬ ሲያቃጥላችሁ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ቃሪያ ያቃጠለው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ውሃ ነው። ውሃው ለጊዜው ያበርዳል፤ እጁ ሲደርቅ ግን ማቃጠሉ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዴም መጀመሪያ ያልነካው ጣት ጭምር ይለበልበዋል። የሚፋጀው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ የሚለቀው በዘይት፣ በአልኮልና በሳሙና ነው። ስለዚህ ውሃ ብቻውን አያነሳውም፣ ያሰራጨዋል እንጂ። ከዓይን በስተቀር ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ መነሻው ይኸው ነው።

ደጋግሜ ታጠብኩ፣ እጄ ግን አሁንም ይንገበገባል

ምክንያቱ፦ ዘይታማው ካፕሳይሲን ከቆዳ ላይ አልተነሳም፤ በተለይ ጥፍር ሥርና ጣቶች መካከል ይደበቃል። እጃችሁ ሳይቀላና ሳያብጥ እንዲህ ማቃጠሉ አይግረማችሁ። ነርቮቻችን ጫፍ ላይ ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ የሚነቃ መቀበያ አለ፤ ካፕሳይሲን ያንኑ መቀበያ ያለ ምንም እሳት ይቀሰቅሰዋል። ይህን መቀበያ እ.ኤ.አ. በ1997 የለየው የአሜሪካዊው ሳይንቲስት የዴቪድ ጁሊየስ ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። መቀበያው አንዴ ከተቆጣ በኋላ ለብ ያለ ውሃ እንኳ የፈላ ይመስለዋል። ከሰዓታት በኋላ ገላ ስትታጠቡ ሕመሙ እንደ አዲስ የሚነሳው ለዚህ ነው።

መፍትሄው፦ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። እጃችሁ ደረቅ እንደሆነ የምግብ ዘይት አፍስሱበትና ጥፍር ሥር ሳይቀር አንድ ሁለት ደቂቃ እሹት። ዘይቱን በወረቀት ጠርጋችሁ ጣሉ፣ በውሃ አታስለቅቁት። ቀጥሎ ውሃ ሳትነኩ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀብታችሁ እሹ። ውሃ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም ቀዝቃዛ ይሁን። ካልበቃ ድገሙት። ቆዳው ያልተላጠና ያልቆሰለ ከሆነ በሕክምና አልኮል መጥረግም ይረዳል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሕመሙ አላስቀምጥ ካለ፣ እጅን ዘይት ውስጥ ነክሮ ለረጅም ጊዜ ማቆየት ብዙ ሰው ያስታግሳል።

በረኪና ያጠፋዋል የሚል ምክር ከሰማችሁ አትከተሉት። በረኪና ራሱ ቆዳ ይጎዳል፤ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ዓይኔን ነካሁት

እዚህ ላይ ደንቡ ይለወጣል፦ ዘይትም፣ ሳሙናም፣ አልኮልም ወደ ዓይን አይገቡም። ወተትም ቢሆን ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ለዓይን አይሆንም። ለዓይን ንጹሕ ውሃ ነው፣ በብዛት።

አትሹት። እጃችሁ የሚያቃጥለው ነገር ካለበት ሌላ ሰው ይርዳችሁ፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ መጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ ዓይናችሁን ከፍታችሁ፣ እያርገበገባችሁ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት። የዓይን ሌንስ ካደረጋችሁ አውጡና ጣሉት፤ ካፕሳይሲን ሰርጎ ስለሚቀርበት አጥቦ መልሶ ማድረግ አደጋ ነው። ከታጠበ በኋላ ሕመሙ ካልቀነሰ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም ብርሃን ማየት ካቃታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አፌን አቃጠለኝ

ወተት ወይም እርጎ አፍ ውስጥ እያንቀሳቀሳችሁ አቆዩት። በወተት ውስጥ ያለው ኬሲን የሚባል ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞ ያነሳዋል። ወተት ከሌለ ስኳር መላስ ያግዛል። ቢራ ተስፋ አይጣልበትም፤ አልኮሉ ትንሽ፣ ቀሪው ውሃ ነው።

ሳልና ትንታ አላቆም አለኝ

የደረቀ በርበሬ መጥበሻ ላይ ሲሞቅ ወይም ሲፈጭ ካፕሳይሲኑ በጭስና በብናኝ መልክ አየር ላይ ይወጣል። ወዲያው ክፍሉን ለቃችሁ ንጹሕ አየር ወዳለበት ውጡ፣ መስኮት ክፈቱ። የመፍጫውን ክዳን መፍጫው እንደቆመ አትክፈቱ፤ ብናኙ እስኪረጋ ጠብቁ፣ ስትከፍቱም ፊታችሁን አዙሩ። አስም ያለበት ሰውና ሕፃናት ከመነሻው በአካባቢው ባይኖሩ ይመረጣል። ትንፋሽ ማጠር ወይም ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ ከተከተለ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ጓንት አድርጌም ተቃጠልኩ

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአወላለቁ ነው። ቃሪያ የነካውን የጓንት ጣት በባዶ እጅ ይዞ መጎተት ጓንት ካለማድረግ ብዙም አይለይም። ሳታወልቁ በፊት ጓንቱን እንዳለ በሳሙና እጠቡት፣ ከዚያ ከአንጓ ይዛችሁ ወደ ውጭ ገልብጡት። ስስ የላቴክስ ጓንት ሥራው ሲረዝም ያሳልፋል፤ ናይትራይል ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራው ይሻላል። በጓንቱ የነካችሁትን ስልክ፣ የቧንቧ እጀታና የበር መክፈቻም አስቡ፤ በኋላ በባዶ እጅ የምትነኩት እነሱን ነው። ሌንስ ማውለቅ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድና ሕፃን ማቀፍ ካለባችሁ ከሥራው በፊት ይሁን።

ፍሬውን ስላወጡ ብቻ ቃሪያው የበረደ የሚመስላቸውም አሉ። ካፕሳይሲን በብዛት የሚገኘው ፍሬዎቹ በተጣበቁበት ነጣ ያለ ስስ ሥጋ ላይ ነው፤ በጣም የሚፋጀውን ስትሰነጥቁት እዚያ ላይ ወዙ ሲያብለጨልጭ ታዩታላችሁ። ፍሬው የሚያቃጥለው ከዚያ እየተነካካ ነው። ነጩን ሥጋ በጣት ሳይሆን በማንኪያ ጫፍ ፋቁት።

መክተፊያውንና ቢላዋውንም እንደ እጃችሁ ቁጠሩ፦ መጀመሪያ ዘይት በነካ ወረቀት ጥረጉ፣ ቀጥሎ ሳሙና፣ መጨረሻ ላይ ውሃ። የእንጨት መክተፊያ ወዙን ስለሚመጥ ፍራፍሬ የምትቆርጡበት ሌላ ይሁን።