ቱርቦ መኪና ጉልበት ሲያጣ፦ ባሕር ዳር ላይ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት 82ን ፈልጉ

ቼክ ኢንጅን መብራት በርቷል፣ መኪናው ዳገት አልወጣም ብሏል። ስካነር ይሰካል፣ «ቡስት ሴንሰር» የሚል ኮድ ይወጣል፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ ይታዘዛል፣ ይገጠማል። መብራቱ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይበራል። ኮዱ አልዋሸም። የሞተሩ ኮምፒውተር ያለው «ከዚህ መስመር የሚመጣልኝ ቁጥር አላማረኝም» ነው እንጂ ሴንሰሩ ሞቷል አላለም። ቁጥሩን ያበላሸው የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የዛገ ሶኬት፣ የተላጠ ሽቦ ወይም እውነትም ሴንሰሩ ራሱ ሊሆን ይችላል። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) ባለው መኪና ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ቱቦው ነው።

ለሥራው ቀጥታ ቁጥር የሚያሳይ ስካነር (ስልክ ላይ የሚሠራው ኢኤልኤም 327 ለአብዛኛው ይበቃል)፣ ዲጂታል መልቲሜትር፣ የሳሙና ውሃና ቴርሞሜትር ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት፦ ቁልፍ ተከፍቶ፣ ሞተር ሳይነሳ

ጣና ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 81 ወይም 82 ኪሎፓስካል ይሆናል። ሞተሩ ካልተነሳ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ያለው አየርና ውጭ ያለው አየር አንድ ስለሆነ ማፕ ሴንሰሩ (የማኒፎልዱን ግፊት የሚለካው፣ ብዙ ጊዜ «ቡስት ሴንሰር» የሚባለው) ይህንኑ ቁጥር ማሳየት አለበት። ከ79 እስከ 84 ካሳየ እመኑት። መመሪያ መጽሐፍ ላይ 100 ወይም 101 ተብሎ የሚጻፈው ባሕር ጠለል ላይ ለቆመ መኪና ነው። እዚህ ከተማ ቆሞ 101 የሚያሳይ ሴንሰር ታሟል፤ 82 የሚያሳየውን «ዝቅ ብሏል» ብሎ መቀየር ደግሞ ጤነኛውን መግደል ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ የስልክ መተግበሪያዎች የቱርቦን ግፊት የሚያሰሉት ከሴንሰሩ ንባብ ላይ 101 ቀንሰው ነው። እንዲህ ያለው መተግበሪያ ቆሞ ባለ መኪና ላይ ከዜሮ በታች 19 ኪሎፓስካል ያሳያል። ችግሩ የስሌት ነው። ያልተቀነሰውን የማኒፎልድ ግፊት ክፈቱ፤ ኮምፒውተሩ የራሱ የባሮሜትር ንባብ ካለው ጎን ለጎን አስተያዩ። ሁለቱ ከ3 ኪሎፓስካል በላይ መራራቅ የለባቸውም።

መንገዱም ራሱ መፈተሻ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ቁልፍ ብቻ ከፍታችሁ ብታዩ ንባቡ 73 ገደማ መውረድ አለበት፤ ዓባይ በረሃ ድልድዩ ጋ ደግሞ ወደ 89 ይጠጋል። በሁሉም ቦታ አንድ ቁጥር ላይ ተቸክሎ የሚቀር ሴንሰር አየሩን እያነበበ አይደለም።

ምልክት፦ ጉልበት የለም፣ ነዳጅ ሲረገጥ አይጎትትም፣ ኮዱ ፒ 0299

ኮዱ የሚለው «የጠየቅሁት ግፊት አልደረሰልኝም» ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ይህ ኮድ ለምን እንደሚበዛ በቁጥር ማየት ይቻላል። ኮምፒውተሩ 200 ኪሎፓስካል ቢጠይቅ፣ ባሕር ጠለል ላይ ያለ ቱርቦ አየሩን 2 እጥፍ ማመቅ ይበቃዋል። ባሕር ዳር ላይ ከ82 ተነስቶ 200 ለመድረስ 2.4 እጥፍ፣ ደብረ ታቦር ላይ 2.7 እጥፍ ማመቅ አለበት። ቱርቦው ቀድሞውኑ ጥግ ድረስ ስለሚሽከረከር፣ ቆላ ላይ የማይታወቅ ትንሽ ቀዳዳ እዚህ መብራት ያበራል።

መጀመሪያ ከቱርቦው እስከ ኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው)፣ ከኢንተርኩለር እስከ ማኒፎልድ ያሉትን ቱቦዎች በዓይንና በጣት ተከተሉ። ከታች በኩል መዳሰስ አይዘለል፤ ጎማው የሚሰነጠቀው ማሰሪያው ሥር ነው። በአቧራማ መንገድ የሚመላለስ መኪና ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ከቀዳዳው የሚወጣው ቀጭን የዘይት ላብ አቧራውን ይዞ ጥቁር ጭቃ ስለሚሠራ የሚያፈስበት ቦታ ራሱን ያጋልጣል።

በዓይን ካልታየ በግፊት ይፈተሻል። የአየር ማጣሪያውን ቱቦ ንቀሉና የቱርቦውን አፍ ቫልቭ በተገጠመለት ክዳን ድፈኑ፤ ከጎሚስታ ኮምፕረሰር ከ0.5 እስከ 0.7 ባር ብቻ ስጡ። ከዚያ በፊት ከሞተሩ እስትንፋስ ወደ ቱርቦው የሚመጣውን ቱቦ ንቀሉና በቱርቦው በኩል ያለውን አፍ ድፈኑት። ይህ ከተረሳ አየሩ ወደ ሞተሩ ሆድ ገብቶ የዘይት ሲሎችን ይገፋል፤ አንድ ቱቦ ለመፈለግ ተገብቶ የዘይት ፍሳሽ ይተርፋል። ከዚያ በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ቀቡ። ኢንተርኩለሩ ላይ፣ በተለይ ፕላስቲኩ ከአሉሚኒየሙ የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቱቦው ከተሰነጠቀ ይቀየራል፤ በፕላስተር የተጠቀለለ ቱቦ ሞተሩ እስኪሞቅ ነው የሚቆየው።

ቱቦው ደህና ከሆነ የቱርቦውን ግፊት የሚቆጣጠሩትን ክንፎች ከውጭ የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ ተመልከቱ። በቫኪዩም የሚሠራ ከሆነ ቀጫጭኖቹ የቫኪዩም ቱቦዎች ይደርቃሉ፤ ጫፋቸው በጣት ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ ሙሉውን ቀይሩ። ዘንጉ ራሱ በጥላሸት ተይዞ የማይሄድ ከሆነ ነገሩ የሴንሰር ሳይሆን የቱርቦ ሥራ ነው።

ወደ ሴንሰሩ የሚመጣው አሁን ነው። ሞተር አስነስታችሁ ሚኒሞ ላይ ንባቡን እዩ። ቤንዚን ከሆነ ከ30 እስከ 40 ኪሎፓስካል ይወርዳል። ናፍጣ ከሆነ ግን 80 አካባቢ ይቆያል፤ አብዛኛው የናፍጣ ሞተር ሚኒሞ ላይ አየሩን አያንቅምና ትክክል ነው። ቀስ ብሎ የሚነሳ ወይም የሚዘገይ ንባብ ካያችሁ ሴንሰሩን ንቀሉና አፍንጫውን እዩ። የናፍጣ ሞተር ላይ ጥላሸትና ዘይት ተጋግሮ ቀዳዳውን እንደ ሬንጅ ይደፍነዋል። በሴንሰር ማጽጃ ስፕሬይ አርሱት፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አድርቁት። በሽቦ መጎርጎር አይቻልም፤ ውስጥ ያለው ስስ ክፍል ከተነካ አለቀለት።

የ5 ቮልት መስመር

ሦስት ሽቦ ያለው የማፕ ሴንሰር አንዱ ሽቦ ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይቀበላል፣ አንዱ ነጋቲቭ ነው፣ ሦስተኛው ንባቡን ይመልሳል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቁልፍ ክፈቱ፣ የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ነጋቲቭ ላይ ያዙ። አንዱ ፒን ከ4.8 እስከ 5.2 ቮልት ማሳየት አለበት። ነጋቲቩ ደግሞ ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ የሆነ ቦታ ዝገት አለ። የመልቲሜትሩን ጫፍ ሶኬቱ ውስጥ በኃይል አትክተቱ፤ ፒኑ ከሰፋ አዲስ ችግር ፈጠራችሁ። ከጀርባ በኩል በቀጭን መርፌ ይነካል።

5 ቮልቱ ከጠፋ ኮምፒውተሩን ከመኮነን በፊት አንድ ነገር አስቡ፦ አንድ የ5 ቮልት መስመር ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ሴንሰር ይመግባል። ከእነሱ አንዱ ውስጡ ከተቃጠለ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል። የኮድ ዝርዝሩ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሴንሰር በአንድ ጊዜ «ሲሞት» ካያችሁ ይሄ ነው። መልቲሜትሩ እየተነበበ የሌሎቹን ሶኬቶች አንድ በአንድ ንቀሉ። የትኛው ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ፣ የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው። ሁሉም ተነቅለው ካልተመለሰ ሽቦው የሆነ ቦታ ተቆርጦ ወይም የመኪናውን አካል ነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ከቱርቦውና ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፈውን ክፍል መጀመሪያ ፈትሹ።

ምልክት፦ ጠዋት አስቸጋሪ መነሳት፣ ነዳጅ መብላት፣ ማራገቢያው ያለማቋረጥ መዞር

የሞተር ሙቀት ሴንሰሩን ጠርጥሩ (ፒ 0117፣ ፒ 0118)። መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ ሳታስነሱ የሞተሩን ውሃ ሙቀትና የሚገባውን አየር ሙቀት አስተያዩ፤ ከ5 ዲግሪ በላይ ከተራራቁ አንዱ ይዋሻል። ጠዋት ባሕር ዳር ላይ ከዜሮ በታች 40 የሚል ቁጥር ካያችሁ መስመሩ ተቆርጧል ማለት ነው።

ሁለት ሽቦ ያላቸው የሙቀት ሴንሰሮች ብልሃት አላቸው። ሶኬቱን ስትነቅሉ ንባቡ ከዜሮ በታች 40 መድረስ አለበት፤ የሶኬቱን ሁለት ፒኖች በቁራጭ ሽቦ ስታገናኙ ደግሞ ከ120 በላይ ይዘልላል። ሁለቱም ከሆኑ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው፤ ሴንሰሩን ቀይሩ። ይህን በሦስት ሽቦ ሴንሰር ላይ አትሞክሩት።

የተነቀለውን ሴንሰር በኦም መለካትም ይቻላል። በብዛት የሚገኙት 20 ዲግሪ ላይ 2,500 ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ 320 ኦም ገደማ ናቸው። የፈላ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት ግን እዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ላይ መሆኑን አትርሱ። የ100 ዲግሪውን ሠንጠረዥ ይዞ የሚለካ ሰው ጤነኛ ሴንሰር ይጥላል።

ለመቀየር ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱና ዝጉ፣ ግፊቱ ይውጣ። ግማሽ ሊትር ኩላንት አዘጋጁ፣ አሮጌውን ፈትታችሁ አዲሱን ከነአዲስ ቀለበቱ ወዲያው አስገቡ። ፕላስቲክ አካል ያለውን በእጅ አስይዛችሁ በቁልፍ ትንሽ ብቻ አጥብቁ። ከዚያ አየሩን አስወጡ፤ ሴንሰሩ ጫፍ ላይ የአየር ኪስ ከቀረ አዲሱም የተሳሳተ ያነባል። የጎደለውን ከጣና በተቀዳ ውሃ መሙላት ደለል መጨመር ነው።

ምልክት፦ ዝግተኛ መልስ፣ ጥቁር ጭስ ወይም የ«ስስ» ኮድ ፒ 0171

እዚህ የአየር መጠን ሴንሰሩ (ማፍ) ይከሰሳል። መጀመሪያ ግን ቀዳዳው የት እንደሆነ ጠይቁ፤ ይህ በተለይ ቤንዚን ቱርቦ ላይ ይሠራል። ቱቦው ከማፉና ከቱርቦው መካከል ከተቀደደ ያልተለካ አየር ይገባል፤ ድብልቁ ይሳሳል። ከቱርቦው በኋላ ከተቀደደ የተለካው አየር በግፊት ሰዓት ይወጣል፤ ነዳጁ ይበዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል። የመጀመሪያውን ችላ አትበሉ፦ በዚያ ቀዳዳ የሚገባው አቧራ ማጣሪያውን አልፎ ቀጥታ የቱርቦውን ክንፍ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል።

ቱቦው ደህና ከሆነ ማፉን አጽዱ። የማፍ ማጽጃ ስፕሬይ ብቻ ተጠቀሙ፤ የካርቡሬተር ማጽጃ ፕላስቲኩንና ሽፋኑን ይበላል። ከ10 ሴንቲሜትር ርቀት 10 ወይም 15 ጊዜ ንፉ፣ በጣትም በጥጥም አትንኩ፣ በኮምፕረሰር አታድርቁ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የአየር ማጣሪያው ዘይት የሚቀባ ዓይነት ከሆነ ማፉን ያቆሸሸው የበዛው ዘይት ሊሆን ይችላል፤ ማጣሪያውን ሳታስተካክሉ ማፉን ማጽዳት ዋጋ የለውም።

ከላቫጆ በኋላ የበሩ መብራቶች

ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ በኮፈኑ ሥር ከገባ በኋላ የሚመጣ ኮድ የሶኬት ኮድ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ፎገራ ላይ በክረምት የተኛ ውሃ ያቋረጠ መኪናም እንደዚሁ። ሶኬቱን ክፈቱ፦ ከፒኖቹ አንዱ ላይ እንደ ሻጋታ አረንጓዴ ዱቄት ካለ በኮንታክት ማጽጃና በለስላሳ ብሩሽ ይነሳል። የጎማ ማሸጊያው ከጠፋ ይተካል፣ የኤሌክትሪክ ግሪስ በስሱ ይቀባል።

ምልክት፦ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ

የሞተሩን ዋና ዘንግ መዞር የሚያነበውን ክራንክ ሴንሰር ጠርጥሩ (ፒ 0335)። ሁለት ሽቦ ያለው ሲቀዘቅዝ በብዛት ከ500 እስከ 1,500 ኦም ያሳያል፤ ሲሞቅ መስመሩ ከተቆረጠ ጨርሷል። ሦስት ሽቦ ያለውን በኦም አትለኩ። ሲገጠም ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ አይኑር፤ ብሎኑ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል።

ሌሎች ሁለት ሴንሰሮች ሲገጠሙ፦ የሞተሩን ማንኳኳት የሚሰማው ኖክ ሴንሰር ያለ ቀለበትና ያለ ግሪስ፣ ንጹሕ ብረት ላይ፣ 20 ኒውተን ሜትር። ከዚያ ከተለየ ሞተሩን በትክክል አይሰማም። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ሞተሩ ሞቅ ብሎ ሳለ ይፈታል፣ ከ40 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ጓርኒሲዮን ላይ ሲሊኮን ስትቀቡ ለኦክስጅን ሴንሰር አይጎዳም የሚል ካልተጻፈበት ተዉት፤ ጭሱ ሴንሰሩን ይመርዘዋል።

ዕቃ ሲገዛ

ማፕ ሴንሰር ላይ ከባዱ ስህተት ሶኬቱ ገጠመ ብሎ መግዛት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሴንሰር 105 ወይም 115 ኪሎፓስካል ላይ ያበቃል፤ የቱርቦው እስከ 250 ወይም 300 ያነባል። ሁለቱ በዓይን መንታ ናቸው። የተሳሳተው ቢገጠም በአንድ ዓይነት ግፊት የሚልከው ቮልት ስለሚለይ፣ ኮምፒውተሩ ሞተር ሳይነሳ እንኳ ከ82 በጣም የራቀ ቁጥር ያነባል። አሮጌው ላይ የታተመውን የዕቃ ቁጥር በስልክ አንስታችሁ፣ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ለሻጩ ላኩ፤ ከሶማሌ ተራ የሚመጣ ያገለገለ ዕቃም ቢሆን በቁጥሩ ይታዘዝ።

ሲመጣ ብሎን ሳታስሩ ሶኬቱ ላይ ብቻ ሰክታችሁ ቁልፍ ክፈቱ። 82 ካሳየ ግጠሙት፤ 95 ካሳየ በመጣበት ማሸጊያ ይመለስ። በሙሉ ግፊት መሥራቱ የሚታወቀው ግን ሲነዳ ነው። ከመግጠማችሁ በፊት ዙሪያውን በብሩሽ አጽዱ፣ የጎማ ቀለበቱን በአንድ ጠብታ ንጹሕ የሞተር ዘይት አርሱ፣ ኮዱን አጥፉ።

ከዚያ ወደ ቤዛዊት ዳገት ውጡ፤ የሚነዳው ሌላ፣ ስካነሩን የሚያየው ሌላ ሰው ይሁን። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁ ሙሉ ሲረገጥ የተጠየቀው ግፊትና የደረሰው ተከታትለው መውጣት አለባቸው።  የደረሰው ከተጠየቀው በሰፊው ወደኋላ ከቀረ፣ ሴንሰሩን ተዉትና ወደ ሳሙናው ውሃ ተመለሱ።