የድሮው ማውዘር ሽጉጥ የትኛው ነው? ሲ96ን በዓይነቱ መለየት

ማውዘር ሲ96 ከ1896 እስከ 1930ዎቹ መገባደጃ ድረስ ተመርቷል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሩቅ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። እጀታው ክብ፣ የጥይት ሳጥኑ ከምላጩ ፊት ለፊት። ልዩነቱ ያለው ግን ቀረብ ብሎ ለሚያይ ነው።

ከምንም በፊት ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። የአብዛኞቹ ካርታ (የጥይት ሳጥኑ) አይወልቅም፣ ጥይት የሚጎርሰው ከላይ ነው፤ ስለዚህ አፈሙዙን ወደማይጎዳ አቅጣጫ አዙራችሁ፣ ጣታችሁን ከምላጩ አርቃችሁ፣ መዝጊያውን (ከላይ ያለውን ተንሸራታች ብረት) ወደ ኋላ ስባችሁ ውስጡን በደንብ እዩ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ መቺው ሂዱ፤ ከኋላ በኩል ብቅ ያለው ብረት ማለቴ ነው። እኔ ከመለያ ቁጥሩ ይልቅ እሱን አስቀድማለሁ። ጎኑ ላይ እንደ ደረጃ የተደራረቡ ክቦች ካሉት ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ትልቅ ቀዳዳ ያለው ቀለበት ከሆነ ቀጥሎ የመጣው ነው፣ ትንሽ ቀለበት ከሆነ ደግሞ የኋለኛው። የሽጉጡ ጎንስ? ብዙዎቹ ላይ የተቦረቦረ አራት ማዕዘን አለ። ጎኑ ልሙጥ ከሆነ በጣም ደስ ይበላችሁ፣ በ1899 ለጣሊያን ባሕር ኃይል የተሠሩት 5,000 ሽጉጦች እንደዚያ ናቸው።

ሰው በብዛት የሚሸወደው እጀታው ላይ ቀይ 9 በተቀረጸበት ነው። በ1916 የጀርመን ጦር 150,000 ሽጉጥ በ9 ሚሊ ሜትር ጥይት አዘዘ፤ የተለመደው 7.63 ስለነበር ወታደሩ እንዳይሳሳት ነው ቁጥሩ የተቀረጸው። እጀታ ግን ይቀየራል፣ ቀለምም ማንም ይቀባል። አፈሙዙ 9 መሆኑም ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም የ7.63 አፈሙዝ በኋላ ወደ 9 የሰፋባቸው ብዙ ናቸው። ማነጣጠሪያውን እዩ፦ የጦሩ እስከ 500 ሜትር ነው የተከፋፈለው፣ ለገበያ የወጣው በብዛት እስከ 1000።

አፈሙዙ አጭር ከሆነ፣ 99 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ «ቦሎ» የሚባለው ሊሆን ይችላል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል ረጅም አፈሙዝ ስለከለከለ የመጣ ነው፤ ሶቪየቶች ብዙ ገዝተውታል። እዚህ ላይ እጀታውን አትርሱ! ቦሎ ሲሠራ እጀታውም ትንሽ ነው። አፈሙዙ አጭር ሆኖ እጀታው ትልቅ ከሆነ፣ የድሮ ሽጉጥ በኋላ አጥሮ ሊሆን ስለሚችል «ቦሎ ነው» ብሎ ዋጋ ለሚጠራ ሰው ቶሎ እሺ አትበሉ።

ካርታው የሚወልቅ፣ በግራ ጎኑም የተኩስ መምረጫ ያለው ከሆነ የ1932ቱ ኤም712 ነው። ምላጩ እንደተሳበ በተከታታይ ይተኩሳል፣ በብዙ አገር ሕጉም ለብቻው ነው።

ማውዘር መስሎ ማውዘር ያልሆነም አለ። የስፔኑ አስትራ 900 በግራ በኩል ተንሸራቶ የሚወጣ ሽፋን አለው፤ በማውዘር ላይ ያ ጎን ወጥ ብረት ነው። የቻይናው የሻንሺ ሥራ ደግሞ በ.45 ኢንች ጥይት ስለሆነ በግዝፈቱ ያስታውቃል፣ የቻይንኛ ጽሑፍም አለበት።

ዓይነቱን ሳትለዩ ግን በአሸዋ ወረቀት እንዳትነኩት። ብረቱ ላይ የተመታው ማኅተም ከጠፋ የሚመልሰው የለም።