መጽሐፍ ቅዱስን የዕለት ኑሮ መሪ ማድረግ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ክርስቲያኖች

ጭንቅ ሲመጣ መጽሐፍ ቅዱስን ገለጥ አድርጎ ዓይን ያረፈበትን ጥቅስ እንደ መልስ መያዝ የብዙ ሰው ልማድ ነው። አይበጅም። ልባችን በተጨነቀበት ሰዓት የተጻፈውን ሳይሆን የምንመኘውን እናነባለን። ቃሉ የሚመራው ጉዳዩ ሳይመጣ አስቀድሞ ያነበበውን ሰው ነው፤ ስለዚህ ሥራው ከንባብ ይጀምራል።

ድሬ ላይ ለንባብ የሚመቸው ማለዳ ነው። ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ባጃጁ ሳይንጫጫ 20 ደቂቃ ይበቃል። ማለዳ የማይሞላለት ሰው ሱቁ የሚዘጋበትን የቀትር ዕረፍት ይጠቀም። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጣችሁ የታተመውን መጽሐፍ ያዙ።

በመጽሐፈ ምሳሌ ጀምሩ። 31 ምዕራፍ አለው፤ የእኛ ወር ደግሞ 30 ቀን ነው። በቀን አንድ፣ የዕለቱን ቁጥር ምዕራፍ እያነበባችሁ በ30ኛው ቀን የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አንድ ላይ ጨርሱ። ጳጉሜን ላይ የያዕቆብን መልእክት ያዙ፤ 5 ምዕራፍ ስለሆነ ልክ ይመጣል። ጳጉሜን 6 ስትሆን በትርፉ ቀን ምዕራፍ 1ን ድገሙት። አንድ ቀን ቢያልፋችሁ ለማካካስ አትሩጡ፣ የዕለቱን ቁጥር ብቻ ያዙ፤ ብዙ ሰው ንባቡን የሚተወው ውዝፉ ሲከመርበት ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ የተራራውን ስብከት፣ ማቴዎስ ከ5 እስከ 7፣ በአንድ ተቀምጦ ማንበብ ልማድ ይሁን። ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ የሚጠብቀው ኑሮ እዚያ በሰፊው ተነግሯል፤ ሌላውን ሁሉ በእርሱ መመዘን ይገባል። ዳዊት የምትደግሙም በቁጥሩ አትደናገሩ፦ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው በግዕዙ መዝሙር 22፣ በ1954ቱ የአማርኛ ትርጉም ግን 23 ነው።

አንድን ጥቅስ ለራሳችሁ ከመያዛችሁ በፊት ማን ተናገረው፣ ለማን፣ በምን ጊዜ ብላችሁ ጠይቁ፤ ምዕራፉንም ከላይ እስከ ታች አንብቡ። በመጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ ያማረ ንግግር ሁሉ ትክክል አይደለም፤ የኢዮብን ወዳጆች እግዚአብሔር ራሱ በ42፥7 ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ገሥጿቸዋል። ኤርምያስ 29፥11 ፍጻሜና ተስፋ ይሰጣል፤ ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር 10 ግን 70 ዓመት በባቢሎን መቆየት እንዳለ ይናገራል። ፊልጵስዩስ 4፥13 «ሁሉን እችላለሁ» ሲል ጳውሎስ እስር ላይ ነበር፤ ቁጥር 12 እንደሚያሳየው የሚናገረውም መጥገብንም መራብንም ስለ መቻል ነው። ይህን ጥቅስ የጉዞ ቪዛ ማግኛ አድርጎ የያዘ ሰው ቪዛው ሲከለከል ቃሉ የዋሸው ይመስለዋል። የዋሸው አነባበቡ ነው።

ከዚያ ንባቡን ከዛሬው ጉዳይ ጋር አገናኙ። ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ ለምሳሌ «የቀን ሠራተኛውን ክፍያ ለነገ ላሳድረው ወይ?»። ዘሌዋውያን 19፥13 የሠራተኛ ዋጋ በእጃችሁ እንዳያድር ያዝዛል፤ ዘዳግም 24፥15 ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፈለው ይላል። እዚህ ላይ ምልክት መጠበቅ አያስፈልግም፤ መክፈል ነው። ቀፊራ ገበያ ለሚነግድ ዘዳግም 25፥13 በከረጢትህ ሁለት ዓይነት መመዘኛ አይኑርህ ይለዋል። ሮሜ 13፥7 ደግሞ ቀረጥ ለሚገባው ቀረጡን ስጡ ይላል፤ የኮንትሮባንድ ዕቃ በሚዘዋወርበት አገር ይህ ከባድ ቃል መሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም ትእዛዙ ግልጽ ነው።

ሌላው ጉዳይ በስም ያልተጠቀሰው ነው። ጫት የሚል ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፤ በርጫ (የጫት መቃሚያ ቁጭታ) ላይ የሚቀመጥ ወንድም ብዙ ጊዜ የሚከራከረው በዚህ ነው። 1 ቆሮንቶስ 6፥12 ግን ሁለት መመዘኛ ይሰጣል፦ ይጠቅማል ወይ? ይሠለጥንብኛል ወይ? የመጀመሪያውን ለመመለስ የሳምንቱን የጫት ወጪ ከነሰዓቱ ጻፉና ከቤት ወጪው ጎን አስቀምጡት። ሁለተኛውን ለመመለስ ሳምንት ሙሉ ተዉት፤ ሥራና እንቅልፍ ከተዛባ፣ ቁጣ ከበረታ መልሱ ታውቋል። እዚያው መልእክት 10፥24 ሌላ ይጨምራል፦ የባልንጀራ ጥቅም። ልጆች ምን እያዩ ያድጋሉ? ይህ ሁሉ መመዘኛ ለራስ ነው፤ የሚቅመውን ጎረቤት ለመዝለፍ አልተሰጠም። ሮሜ 12፥18 በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ ይላል፤ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ግድግዳ ለሚጋራ የድሬና የሐረር ሰው ይህ የየዕለት ሥራ ነው።

ስለ ቁልቢ ገብርኤል ስለትም ቃሉ ብዙ ይላል። በዓሉ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ከመድረሱ በፊት መክብብ 5፥4-5ን አንብቡ፤ ተስሎ ከመቅረት አለመሳል ይሻላል ይላል። ምሳሌ 20፥25 ከተሳሉ በኋላ ማሰብ ወጥመድ መሆኑን ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ከመሳላችሁ በፊት ዓይነቱን፣ መጠኑንና ጊዜውን ጻፉ፤ ከትዳር ጓደኛችሁም ጋር ተነጋገሩ። የሚከፈለው ከየት እንደሚመጣም አስቡ። በማርቆስ 7፥10-13 ጌታ ለአባትና ለእናት የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው» ብለው የሚከለክሉትን ነቅፏል። የተበደራችሁት፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የእናት የመድኃኒት ገንዘብ ለስለት አይሆንም። አቅም ጠፍቶ ስለቱ የተጓተተበት ሰው ራሱ ቀንሶ ወይም ለውጦ ከመክፈሉ በፊት ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ።

በሌላውም ጉዳይ አስተማሪ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሐዋርያት ሥራ 8፥31 ላይ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢሳይያስን እያነበበ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ ፊልጶስን ሠረገላው ላይ አስቀምጦታል። ስትሄዱ ምዕራፉን አንብባችሁ፣ ያልገባችሁን ቁጥር ምልክት አድርጋችሁ፣ ጉዳዩንም ሳትሸፋፍኑ ይዛችሁ ሂዱ፤ ግማሹ የተደበቀ ነገር የሰማ አባት የሚሰጠው ምክርም ግማሽ ነው።