አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ለዓመታት ሳይነካ የቆየ የብረት ስፌት መኪና አልዞር ሲል አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለውም፤ ዘይቱ ደርቆ አጣብቆት ነው። የሚሰበረው በጉልበት ለማዞር ሲሞከር ነው።

መዘውሩ አልዞር ሲል

በመጀመሪያ የተጣበቀው የቱ ጋ እንደሆነ ለዩ። መዘውሩ (በእጅ የሚዞረው ጎማ) መሐል ያለውን ክብ ብሎን አላሉት። መዘውሩ ለብቻው ከዞረ ችግሩ ያለው ከመኪናው ሆድ ውስጥ ነው፤ ካልዞረ ራሱ መዘውሩ ከዘንጉ ጋር ተጣብቋል። ቀጥሎ የቦቢኑን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን) ቤት አውጥታችሁ መንጠቆው የሚሄድበትን ቀለበት እዩ። አንዲት ብጣሽ ክር እዚያ ገብታ መኪናውን ሙሉ በሙሉ ልታስረው ትችላለች።

ክር ከሌለ በየዘይት ቀዳዳውና ብረት ከብረት በሚፋተግበት መጋጠሚያ ሁሉ ሁለት ሁለት ጠብታ ላምባ አድርጉና አሳድሩት (ከእሳት ርቆ፣ ሞተሩን ሳይነካ)። በማግስቱ መዘውሩን ወዲያና ወዲህ በቀስታ አወዛውዙ፤ በመጠኑ ብቻ ከላላ ላምባውን ድገሙት። ቡናማ ዝቃጭ ሲወጣ ጥረጉት። ላምባ የደረቀውን ያላቅቃል እንጂ ቅባትነት የለውም፤ እንደለቀቀ ወዲያው የስፌት መኪና ዘይት አጠጡት። የምግብ ዘይት ፈጽሞ አታድርጉ፣ ተመልሶ ሙጫ ይሆናል። አልኮልም የወርቅ ጌጡን የሸፈነውን ቫርኒሽ ስለሚያሟሟ በአካሉ አታስጠጉት።

መዘውሩ እየዞረ መርፌው ካልተንቀሳቀሰ

በሲንጀር 15፣ 66 እና 99 ላይ ከክቡ ብሎን ሥር ያለችውን ሮንዴላ (ስስ የብረት ቀለበት) ጠርጥሩ። ከውጭ ሦስት ጆሮ፣ ከውስጥ ሁለት የተቆለመሙ ጥርሶች አሏት። ጥርሶቹ ወደ ውጭ፣ ወደ ክቡ ብሎን በኩል መዞር አለባቸው። በክቡ ብሎን ላይ ያለችው ትንሿ የማቆሚያ ብሎን ከአንዱ ጆሮ ጋር ከተጋጨች ክቡ ብሎን ሊጠብቅ አይችልም። ሮንዴላዋን ግማሽ ዙር አዙራችሁ መልሳችሁ ግጠሙ።

ስፌት ሲዘል

ሌላውን ከመነካካታችሁ በፊት አዲስ መርፌ አስገቡ፣ እስከ ላይ ድረስ መግባቱንም አረጋግጡ። የመርፌው ረጅም ቦይ ክሩ በሚገባበት በኩል ይሆናል። በሲንጀር 15 ክሩ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚገባ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ግራ ይዞራል። ይህ ሞዴል የሚወስደው 15×1 የሚባለውን የመርፌ ዓይነት ነው፤ በጣም የቆየው ሲንጀር 12 ግን 12×1 ይፈልጋል፣ አንዱ በሌላው አይተካም።

ከጨርቁ ሥር ክር ሲከመር

ጥፋቱ የታችኛው ክር ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የላይኛው ነው። ጨርቁን የሚጫነው እግር ወርዶ ክር ከተሰካ ክሩ በክር መወጠሪያው ዲስኮች መካከል አይገባም። እግሩን አንሱ፣ ክሩን ስኩ፣ እግሩን አውርዱና ሳቡት፤ አሁን መያዝ አለበት። ካልያዘ በዲስኮቹ መካከል ብናኝ ወይም ዝገት አለ፤ ቀጭን ጨርቅ አሳልፋችሁ ጥረጉ።

ጨርቁ ወደፊት ካልሄደ

የመርፌውን ሳህን ፈታችሁ ጨርቁን የሚገፉት ጥርሶች ሥር የተጠቀጠቀውን ብናኝ በመርፌ ጫፍ ቆፍራችሁ አውጡ። የስፌት ርዝመቱም ዜሮ ላይ አለመሆኑን እዩ።

የእግር መኪናው ችንጋ (መዘውሩን የሚያዞረው የቆዳ ቀበቶ) ሲንሸራተት

ቆዳው ተለጥጧል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ በሽቦው መልሳችሁ አያይዙ፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ፔዳሉ ይከብዳል።

ሞተር ያለው ከሆነ የገመዱን ሽፋን በጣት አጠፍ አድርጉት። ከተሰነጣጠቀ ወይም ከተፈረፈረ ሽቦው በሙሉ እስኪቀየር ድረስ ሶኬት ላይ አትሰኩት።