የአንገት ካቴተር ይዞ ቤት መግባት፦ እንዴት ይያዛል?

የኩላሊት እጥበት በድንገት ሲታዘዝ ጊዜ የለም። ክንድ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ ሥሮችን በማገናኘት የሚሠራው የእጥበት መርፌ መውጊያ፣ ፊስቱላ፣ ለመርፌ እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። እስከዚያው አንገት ላይ ባለው ትልቅ ደም ሥር ቱቦ (ካቴተር) ይገባል። ብዙ ጊዜ ቀኙ ይመረጣል፣ ወደ ልብ የሚወርደው በዚያ በኩል ቀጥ ብሎ ስለሆነ። ማስገባቱ የሐኪም ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የእናንተና የአስታማሚያችሁ ነው።

መጀመሪያ የገባላችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። አጭሩ ከአንገት በቀጥታ ይወጣል፣ ከ2 ሳምንት በላይ ባይቆይ ይመረጣል፣ ብዙውን ጊዜም ሆስፒታል ተኝተው ላሉ ነው። ረጅሙ ከቆዳ ሥር አልፎ ደረት ላይ ይወጣል። እሱን ሥጋ ዙሪያውን አድጎ እስኪይዘው ድረስ የያዘው ስፌት ብቻ ነው፣ ስለዚህ እንዳይጎተት።

በየቀኑ እዩት። በዓይን እንጂ በእጅ አይደለም። ቀዩም ሰማያዊውም ጫፍ መቆንጠጫው ተዘግቷል? ክዳኑ ጠብቋል? ፕላስተሩ ጠርዙ ተነስቷል? መቅላት፣ እብጠት፣ መግል ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ደውሉ።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና፣ ገላ መታጠብ። ብዙ ሰው ፌስታል በፕላስተር ለጥፎ ሻወር ውስጥ ይገባል። እኔ በዚህ ዘዴ ፈጽሞ አላምንም። ውሃው በጠርዙ በኩል ቀስ ብሎ ይገባል፤ ባይገባ እንኳ እንፋሎቱና ላቡ ከሥር ያረጥበዋል፣ እርጥበት ደግሞ ለጀርም ሠርግና ምላሽ ነው። ከወገብ በታች በውሃ ታጠቡ፣ ከወገብ በላይ በተጨመቀ እርጥብ ፎጣ።

ለፀጉር ጀርባችሁን ለመታጠቢያው ሰጥታችሁ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ አንገታችሁን በደረቅ ፎጣ ጠቅልሉ፣ ጭንቅላታችሁን ወደ ኋላ ጣል አድርጉና ሌላ ሰው ያፍስስላችሁ። ብቻችሁን ጎንበስ ብላችሁ ከሞከራችሁ ውሃው በጆሮ ግንድ በኩል ቀጥታ ወደ ቱቦው ነው የሚወርደው። ቀኑንም ምረጡ፦ የኩላሊት እጥበት ያላችሁ ቀን ጠዋት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ፕላስተሩ ድንገት ቢነካካ እንኳ ነርሷ ያኔውኑ ትቀይረዋለች። በሌላ ቀን ከረጠበ ግን ተራችሁን አትጠብቁ፣ እዚያው ቀን ደውላችሁ አስቀይሩ።

ሌላ ክፍል ስትታከሙ አንዱ መጥቶ «ቱቦ አለሽ አይደል፣ ግሉኮሱን በዚሁ እንስጥሽ» ሊል ይችላል። እምቢ በሉ። ቱቦው ውስጥ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ወይም መሰል መድኃኒት ተሞልቷል፤ ሳይወጣ ወደ ውስጥ ከተገፋ በአንዴ ደም ውስጥ ይገባል። የእጥበት ሠራተኛ ሲከፍተውም እሱም እናንተም ማስክ ልበሱ፣ ፊታችሁን ወደ ሌላ ጎን አዙሩ። እጁን ሳይታጠብ ከመጣ ንገሩት፣ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያዋጣም።

ልብስ ከፊት በቁልፍ የሚከፈት። ምላጭና መቀስ አጠገቡ አይድረስ።

ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ በተለይ ማሽን ላይ እያላችሁ መንቀጥቀጥ ከጀመራችሁ፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ በፓራሲታሞል አታስታግሱት። ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ደም ውስጥ የገባው ጀርም ግን ይቀራል፣ የልብ በሮችንም ሊያጠቃ ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ሂዱ።

ቱቦው ተስቦ ከወጣ በምንም ዓይነት መልሳችሁ አትግፉት። ጋደም በሉ፣ ተቀምጣችሁ ከቆያችሁ አየር ወደ ደም ሥር ሊሳብ ይችላል። በንጹሕ ጎዝ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ የረጅሙ ከሆነ ደረት ላይ ያለውን ቀዳዳም፣ ከአንገት ሥር ደም ሥሩ ውስጥ የገባበትንም ቦታ። አምቡላንስ ጥሩ። ክዳን ብቻ ከወደቀ መቆንጠጫውን ወዲያው ዝጉና ደውሉ።

እና የፊስቱላውን ቀጠሮ ከአሁኑ ጠይቁ። ለእሱ ከታሰበው ክንድ ደም አታስቀዱ፣ ግሉኮስም አይግባበት። የግድ ደም መቀዳት ካለበት ከእጅ ጀርባ ይሁን።